ሰባት መቶ ሃያ ጊዜ

"ይቅርታ እትዬ፣ ከእንግዲህ ድምፄን እቀንሳለሁ" ብዬ ነበር የመለስኩላቸው።

ያላጠፋሁትን ጥፋት ነው ይቅርታ የጠየቅኩት። ዓይነ አፋር ሰው እንዲህ ነው። ተሳስተዋል ብሎ ከማረም ጥፋተኛ ሆኖ መገላገል ይቀለዋል።

የምጽፍላችሁ የደረሰብኝን ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ በሕልሜም አላየሁትም። እመኑኝ ብዬ አልለምንም... ቀኑንና ሰዓቱን ልንገራችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

ሰኞ ነበር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ከሥራ ተመልሼ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ የምድር ቤት ጎረቤታችን ናቸው። እኔና እናቴ ከእሳቸው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ነን። የእኛ ወለል የእሳቸው ጣሪያ ነው።

"ዶክተርዋ!" ነበር ያሉኝ፣ መርፌውን በከንፈራቸው እንደያዙ። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸው ተውኩት።

"እናትሽን ማሠራትሽ ደግ ነው፣ ተባረኪ። ግን ቀስ ብለሽ ቁጠሪ እንጂ የኔ እናት! እኔ ቁልፍ እየቆጠርኩ፣ አንቺ ከላይ መቶ አሥር፣ መቶ አሥራ አንድ ስትዪ... አምታታሽኝ እኮ። አንዱ ሸሚዝ ላይ አሥራ አራት ቁልፍ ተከልኩ!"

"መቼ ነው እትዬ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ ነዋ። መቶ ሃያ ስትደርሺ ተገላገልኩ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። ሬዲዮ ሰምተው ይሆናል፣ ወይ የጎረቤት ልጅ ሲያጠና።

እኔ በስምንት ሰዓት ክሊኒክ ነበርኩ።

ደረጃውን አጋምሼ ነው ቆም ያልኩት...

እናቴን ካሠራኋት አምስት ሳምንት አልፎኝ ነበር።

* * *

ይህችን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት፣ አንደበቷም ከበዳት። ከሆስፒታል ስትወጣ ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ መጥቶ ሦስት ቀን ሰነበተ። ሲሄድ ትከሻዬን ይዞ፣ "አንቺ እያለሽ እኔ ምን አስባለሁ? ሥራሽ አይደል?" አለኝ።

ሥራዬ ነው።

እሱ ፊት አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ለታካሚዎቼ የምሰጠው ዓይነት የልምምድ ወረቀት። እግር ማንሳት፣ ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር። ስድስት ሳምንት። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን፣ ሲሠራ ራይት ይደረግበታል። ከሥሩም እንደ ደንቡ ግብ ይጻፋል። ወንድሜን ደስ እንዲለው ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦

"በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ደረጃውን በእግሯ ወርዳ ከቤት ትወጣለች።"

ወረቀቱን ከአልጋዋ በላይ ለጠፍኩት። ታካሚ ስናራምድ ወገቡ ላይ አስረን ከኋላ የምንይዘውን ሰፊ ቀበቶም ከክሊኒክ አምጥቼ በር ላይ ሰቀልኩት።

የመጀመሪያውን ቀን አሠራኋት።

በሁለተኛው ቀን ስገባ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። አሥራ አንድ ታካሚ አንስቼ፣ ደግፌ፣ ገፍቼ ነው የዋልኩት። እናቴ በግራ ዓይኗ ታየኛለች። "ነገ እሺ እማ?" አልኳት። በግራ እጇ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። "እረፊ..." አለችኝ።

ማታ ወንድሜ ደወለ።

"አሠራሻት?"

"አዎ።"

ስልኩን እንደያዝኩ ተነስቼ ሳጥኑ ላይ ራይት አደረግኩ። ለምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ውሸቱ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ውሸት አይመስልም መሰለኝ።

በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በአራተኛውም...

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላሉ። የሰው እናት ሳስቆም እየዋልኩ፣ የራሴ እናት ተኝታ ትጠብቀኛለች።

እኛ የጡንቻን ኃይል ከዜሮ እስከ አምስት እንለካለን። አምስት ጤነኛ ነው። አንድ ማለት እግሩ አይነሳም፣ ግን ጡንቻው ላይ ጣታችንን ስናሳርፍ ከቆዳው ሥር ትንሽ ነገር ትላወሳለች። ውኃ ሥር ዓሣ ሲያልፍ እንደሚታወቀው። ዜሮ ማለት ምንም የለም ማለት ነው።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነበረች። ዓሣዋ ነበረች።

በአራተኛው ሳምንት ተኝታ ሳለች ጣቴን ጭኗ ላይ አሳረፍኩ። ጠበቅኩ።

ምንም የለም።

ራይት ማድረጌን ግን አልተውኩም።

* * *

ያን ሰኞ ስገባ እናቴ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያ ታያለች።

ፊቷ በላብ ርሷል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። አንሶላው በቀኝ እግሯ በኩል ተጨማድዷል።

"ምን ሆነሻል እማ?"

"ደከ... ደከመኝ።"

"ተኝተሽ ውለሽ?"

መለስ ብላ አየችኝ። ትኩሳቷን ለካሁ፣ የለባትም። ወንድሜ ደወለ፣ "አሠራሻት?" አለ፣ አዎ አልኩ። ራይት።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጉልበቱን እያሠራሁት ነበር። ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ቀልደኛ ነው። ሁልጊዜ ስቆጥርለት አሥር አልልም፤ ከዘጠኝ ቀጥሎ "ጨረስን" ነው የምለው። እሱ፣ "በዚህ ምድር ላይ ከሚስቴ 'እሺ' እና ካንቺ 'ጨረስን' የሚጥመኝ ቃል የለም" ይላል።

ያን ቀን አራት ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምነው፣ ተኮራረፍን እንዴ?"

"ለምን?"

"ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ስንት ደረስን?"

ስቄ ቀጠልኩ። አምስት... ስድስት... ለራሴ ይሰማኛል። እሱ ጆሮውን አስጠጋ።

"አንቺ ልጅ... ምንም አይሰማም እኮ።"

ጉሮሮዬን ያዝኩት። እንደሚቆጥር ሰው ጉሮሮ ከእጄ ሥር አልተንቀጠቀጠም። እንደሞተ ሬዲዮ ዝም ብሏል።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ድምፄ ተመለሰ።

ማታ ልብስ ሰፊዋ በራቸው ላይ ነበሩ። ያን ቀን ግን አልሳቁም።

"ዶክተርዋ፣ ዛሬ ለምን ከአንድ አትጀምሪም?"

"እንዴት እትዬ?"

"ከመቶ ሃያ አንድ ነው የጀመርሽው። ሁለት መቶ አርባ ላይ አቆምሽ። እሷንም እኮ... ትንሽ አሳርፊያት። እያለቀሰች ነበር።"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

አንሶላውን ገለጥኩ። የቀኝ እግሯ ቁርጭምጭሚት ላይ የጣት ምልክት አለ። አራት ከሥር፣ አንድ ከላይ። እግር ሳነሳ ሌባ ጣቴን ከሌሎቹ አራርቄ ነው የምይዘው፣ የክሊኒኩ አለቃዬ ሁሌ ይስቅብኛል። ምልክቱም እንደዚያው ነበር።

እጄን አስጠግቼ ለካሁት።

ገጠመ።

"እማ፣ ቀን ቀን ማነው የሚመጣው?"

"አንቺ።"

"እኔ ሥራ ነኝ እማ።"

"አንቺ ነሽ" አለች ቃሉን እየጎተተች። "ግን... ጀርባሽን ነው የምትሰጪኝ። ፊትሽን አታዞሪም።"

ያን ማታ ወረቀቱ ፊት ቆሜ ቆጠርኩ። በውሸት ያደረግኩት ራይት ሠላሳ ስድስት ነው። በቀን ሃያ...

ሰባት መቶ ሃያ።

በቀን መቶ ሃያ እየሄደ፣ ቅዳሜ ያልቃል። ቅዳሜ ደግሞ ስድስተኛው ሳምንት የሚሞላበት ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ራይት አላደረግኩም።

* * *

ጠዋት ጠዋት እናቴን የምታስታምም አንዲት ሴት ነበረችን። ሰባት ሰዓት ላይ ትወጣ ነበር። ረቡዕ እስከ ማታ እንድትቆይልኝ ለመንኳት። እሺ አለች።

ስምንት ተኩል ላይ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"አንድ ሰው ነው የምታስታምሚው አላላችሁኝም?"

"አንድ ናት እኮ። ምን ሆነሽ ነው?"

"ታዲያ ይቺ ነጭ ጋዋን የለበሰችው... አንቺ አይደለሽም?"

ስልኩ ተዘጋ። ቤት ስደርስ ቁልፉ ከበሩ ሥር ተወርውሯል። ስልኳ ከዚያ በኋላ አልሠራም።

እናቴን ወዴት ልውሰዳት? ድምፁ የኔ፣ እጁም የኔ ነው። የምሄድበት ሁሉ አብሮኝ ይሄዳል።

ሐሙስ ታመምኩ ብዬ ቀረሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ። ቀን ነው። ፀሐይ እስከ አልጋው እግር ድረስ ገብታለች። ከታች የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ይንጫረራል።

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

"መጣሽ" አለች።

ወደ እኔ አልነበረም የምታየው። ከአልጋው ማዶ ነው።

ቀኝ እግሯ ተነሳ...

ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል። በልምምድ መነሳት እንዳለበት። ቆዳዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጨምቆ ነጣ። አምስት ቦታ።

ሁለት ጣቴን ጭኗ ላይ አሳረፍኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ተአምር ነው ብሎ ይንበረከክ ነበር። እኔ ግን ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ዜሮ።

እግሩ አየር ላይ ነው። ጡንቻው ግን እንደ ጨርቅ የላላ ነው። እናቴ አይደለችም የምታነሳው።

"ተዪያት!" ልል አፌን ከፈትኩ።

ድምፅ አልወጣም።

ከአልጋው ማዶ፣ በእኔ ድምፅ፣ ታካሚ በማበረታታበት ለስላሳ አነጋገር...

"ሦስት መቶ ስልሳ አንድ።"

እግሯ ላይ ተጠመጠምኩ። ወደ ታች ተጫንኩት። እኔንም ይዞኝ ተነሳ። እናቴ አቃሰተች። የምጎዳት እኔ ስለሆንኩ ለቀቅኩ።

አራት መቶ ሰማንያ እስኪሞላ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

* * *

ዓርብ ጠዋት ለወንድሜ ደወልኩ።

"አላሠራኋትም" አልኩት። "ካንድ ቀን በቀር አላሠራኋትም። ዋሽቼህ ነው።"

ሳቀ።

"ደክሞሻል አይደል? ልብስ ሰፊዋ ትናንት ደውለውልኛል እኮ። ቀን ከሌት ታሠራታለች፣ እባክህ ትንሽ ትረፍ በላት ነው ያሉኝ። እንዳንቺ ያለ ልጅ የት ይገኛል? በርቺ እህቴ፣ ነገ እኮ ስድስት ሳምንቷ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ እናቴ ሄድኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ እግሯን በሁለት እጄ ያዝኩ። በእውነት ላሠራት። ቢያንስ ሃያውን።

"አንድ..." አልኩ።

እናቴ አየችኝ። በደህናው ዓይኗ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

"አሁን?" አለችኝ። "አሁን ነው?"

አልቻልኩም። እግሯን አስቀምጬ አንሶላውን አለበስኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሌላዋ መጣች።

* * *

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ቁጥሩ ሰባት መቶ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ።

እግሯ ተነሳ። ትንሽ ቆየ።

"ጨረስን" አለ ድምፄ።

እግሯ አልጋው ላይ ወደቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከታች መኪናው እንኳን ቆሟል። ልብስ ሰፊዋም ሲያዳምጡ ነበር መሰለኝ።

"ጨ... ረስን?" አለች እናቴ።

"ጨረስን እማ። ጨረስን።" ድምፄ ተመልሷል። ግንባሯን ሳምኩት፣ ጨው ጨው ይላል። እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ቀና ስል ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሳጥኖቹን አልፎ... ከሥር ያለው መስመር ላይ።

ደረጃውን በእግሯ ወርዳ ከቤት ትወጣለች።

በሩን አየሁ። ምስማሩ ባዶ ነው።

ቀበቶው እናቴ ወገብ ላይ ታስሯል።

ማን እንዳሰረው አላየሁም። እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቆመች። ቀበቶው ከኋላዋ ሰው እንደያዘው ተወጥሯል። ማንም የለም። ቀኝ እግሯ ወደፊት ተወረወረ፣ ግራው ተከተለ። ራሷ ደረቷ ላይ ወድቋል፣ እጆቿ ተንጠልጥለዋል።

"ልቀቂኝ በያት" አለችኝ ሳታየኝ።

"ማንን እማ?"

"አንቺን።"

ሮጬ ደረጃው አናት ላይ ደረስኩባቸውና ቀበቶውን ከኋላ ያዝኩት። ትምህርት ቤት ከሁሉ በፊት ያስጠኑን ይህንን ነው፦ ቀበቶውን ከያዛችሁ፣ ምን ቢመጣ አትልቀቁ።

ጨርቁ ላይ ከእጄ አጠገብ ሌላ እጅ ነካሁ። የሞቀ ነበር። ሌባ ጣቱ ከሌሎቹ ተራርቋል።

አልለቀቅኩም።

ስድስተኛው ደረጃ ላይ እግሬ ሳተ። ጀርባዬ ጠርዙን ሲመታ የሆነ ነገር ጠጠር እንደተሰበረ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ከወገቤ በታች ሁሉም ነገር ዝም አለ። እናቴ እየራቀች፣ ደረጃ በደረጃ፣ በትክክለኛው አወራረድ፣ የታመመውን እግር አስቀድማ ወረደች።

ልብስ ሰፊዋ በራቸውን ከፍተው አጨበጨቡ። "እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!"

የውጪው በር ተከፈተ። ብርሃን ገባ። ተዘጋ።

በኋላ ልብስ ሰፊዋ ለፖሊስ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። "ልጅቷ ከኋላ ይዛት አብረው ወጡ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ደረጃው ላይ የወደቀችውን ሳይ ነው... ታዲያ ይቺ ማናት ብዬ የጮኽኩት።"

እናቴን እስከ ዛሬ ያገኛት የለም።

* * *

አሁን የምተኛው እሷ አልጋ ላይ ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ አትቁረጪ ይላሉ። እኔ ግን በየጠዋቱ ሁለት ጣቴን ጭኔ ላይ አሳርፋለሁ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ።

ወንድሜ ሥራውን ወደዚህ አዛውሮ አብሮኝ ይኖራል። ደግ ነው። ያጥበኛል፣ ያገላብጠኛል። ክሊኒክ የነበሩ ጓደኞቼ እግሬ እንዳይደርቅ የሚያሠራኝበትን ወረቀት ሰጡት፤ ከአልጋው በላይ ለጠፈው። ከሥሩ ግብ አለው። ምን እንደሚል ከተኛሁበት አይታየኝም።

መጀመሪያ ሰሞን ያሠራኝ ነበር። አሁን ሲመጣ ይደክመዋል። ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ይተኛል። አልፈርድበትም።

ማታ ማታ አለቃዬ ይደውልለታል፣ "አሠራሃት?" እያለ። ወንድሜ "አዎ" ይለዋል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል፣ የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ሲንጫረር ይሰማኛል።

እንዲተወው ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ምን ብዬ?

ትናንት ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከአልጋዬ ማዶ በወንድሜ ድምፅ "አንድ" አለ፣ እግሬም ተነሳ።